ለጀማሪ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ስመርጥ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዲስ ሰው ስተዋወቅ «ምን ይሠሩ ነበር?» ይሉኛል። «ያገለገለ ጀልባ እመረምር ነበር፤ ለሚገዛው ሰው የሚሆነውን እመርጥ ነበር» ስላቸው ፈገግ ይላሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል። የእኛ ሰው እዚህ አገር አረጋዊ ይንከባከባል፣ ሆቴል ያጸዳል፣ ወጥ ቤት ይሠራል፣ ቢሮ ይገባል። ጀልባ የሚመረምር፣ ያውም ሴት፣ ሰምተው አያውቁም። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ስሜ ወይንሸት ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጨርቅ ሲፈተሽ በዓይን ብቻ አይደለም፤ መዳፍ ያልፍበታል፤ የተበጠሰው ክርም ሆነ የሳሳው ቦታ በጣት ይታወቃል። ሆላንድ ስገባ ግን ያንን ሙያ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ከስደተኞች መጠለያ ወጥቼ ቭላርዲንገን ቤት ሲሰጠኝ፣ ኸሜንቴው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ቋንቋ እስክማር ደጎመኝና አንድ ቀን «የጽዳት ሥራ ተገኝቷል» አሉኝ። ቦታው ከማስ ወንዝ ዳር ያለ፣ ያገለገሉ ጀልባዎች የሚሸጡበት ግቢ ነበር።

የግቢው ባለቤት ሩድ ይባላል። ረዥም፣ ችኩል፣ ስልክ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ቅዳሜ ገዢ ሲመጣ ጀልባዎቹ ሁሉ እንዲያብረቀርቁ ይፈልጋል። የእኔ ሥራ እንዲያብረቀርቁ ማድረግ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ነጭ ጀልባ አሳየኝና «ስፒኸሉን አጽጂ» ብሎኝ ሄደ። ስፒኸል በደች መስተዋት ማለት ነው። ጀልባው ላይ ወጥቼ መስተዋቱን ፈለግሁ። መቀመጫውን አነሳሁ፤ ሣጥኖቹን ከፈትኩ፤ የለም። ከታች አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ያዩኛል።

«ምን ጠፋብሽ?»

«መስተዋት።»

አልሳቁብኝም። በጉልበታቸው ሕመም እያቃሰቱ ወጡና እጄን ይዘው ሞተሩ የተንጠለጠለበት የኋላ ግድግዳ ላይ አሳረፉት። «ስፒኸል የምንለው ይሄን ነው። ጀልባ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከዚህ ነው» አሉኝ።

እሳቸው ኬስ ነበሩ፤ የግቢው መርማሪ። እዚህ አገር ሁሉም ሰው አንተ ስለሚባባል እኔም በአፌ አንተ እላቸው ነበር። በልቤ ግን አንድም ቀን ከእርስዎ ወርጄ አላውቅም፤ አሁንም በልቤ እንደነበረው እጽፋለሁ።

የኬስ አሠራር የማንንም አይመስልም። ሻጭ ስለ ጀልባው ሲያወራ ወንዙን ያያሉ። ወሬው ሲያልቅ ጀልባውን መዞር ይጀምራሉ፤ ከዓይናቸው በፊት መዳፋቸው ነው የሚያልፈው። የፕላስቲክ ራስ ያላት ትንሽ መዶሻ ነበረቻቸው። በእሷ ጎኑን፣ ሆዱን፣ የኋላውን ግድግዳ ከስንዝር ባነሰ ርቀት እየተከታተሉ መታ መታ ያደርጋሉ። ደህናው ቦታ አጭርና ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። ጀልባው በተሠራበት ፋይበር ግላስ ውስጥ ያለው እንጨት ውሃ ከጠጣ ግን እርጥብ ካርቶን የመታችሁ ይመስል ድምፁ ይታፈናል። ሞተሩን የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው። «ሞተር ሁሉም ሰው ያያል። ሞተር ከተበላሸ ይቀየራል፤ የበሰበሰ ጀልባን ግን በምን ትቀይሪዋለሽ?» ይላሉ። ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት እጃቸውን ያሳርፉበታል። ሞቆ ካገኙት «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብለው ይሄዳሉ። የታመመ ሞተር ሕመሙ የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነውና፣ ቀድሞ ያሞቀው ሻጭ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ምሳቸውንም የሚበሉት የሚመረምሩት ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሃያ ደቂቃ ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ ጀልባው ራሱ ይነግርሻል» አሉኝ። ገዢ ሲመጣ ስለ አቅሙም ስለ ምርጫውም አይጠይቁትም። «አብሮህ የሚሳፈረው ማን ነው?» ይሉታል መጀመሪያ። ብቻውን የሚወጣ ሰውና ሁለት ልጆች ይዞ የሚወጣ ሰው አንድ ዓይነት ጀልባ አይገዙም።

ሥራዬ የተቀየረው በአንድ ሰማያዊ ጀልባ ምክንያት ነው። የወለሉን አንድ ማዕዘን ማታ ከመሄዴ በፊት አደርቃለሁ፤ ጠዋት ስመጣ ረጥቦ ይቆየኛል። ዝናብ የለም፤ ጀልባው በሸራ ተሸፍኗል። በሦስተኛው ቀን ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ኬስ ዘንድ ሄድኩና በዚያች በነበረችኝ ደች «እዚያ ጀልባ ውስጥ ባሕር አለ» አልኳቸው። ያንን ጀልባ እሳቸው ራሳቸው ከአንድ ወር በፊት አይተው አልፈውታል። ምንም ሳይሉ መጥተው ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱ። ወለሉን ስንከፍት ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ የባሕር ውሃ ጠጥቷል።

ሩድን አስጠርተው «እኔ ያለፍኩትን እሷ ያዘችው። ከነገ ጀምሮ መወልወያ አትይዝም፤ ከእኔ ጋር ናት» አሉት።

«ታዲያ ጀልባዎቹን ማን ያጽዳ?»

«አንተ አለህ አይደል?»

ደመወዜ ትንሽ ከፍ አለ፤ ሁለት ኮርስ ወሰድኩ፤ ከግድግዳ የሚሰቀል ወረቀትም አገኘሁ። ትምህርቱ ግን ያ አልነበረም። ስድስት ዓመት ከኬስ ኋላ ኋላ ሄድኩ። መሀል ላይ ሩድ ስኸቨኒንገን፣ የዴን ሃግ ባሕር ዳርቻ፣ ሁለተኛ ግቢ ከፍቶ ሁለት ዓመት እዚያ መደበኝ። ጨዋማ ውሃ ምን እንደሚያደርግ የገባኝ እዚያ ነው። በሐይቅና በቦይ አሥር ዓመት የሚቆይ የኤሌክትሪክ ገመድ በባሕር ጨው በሁለት ክረምት አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ በረጋ ውሃ ላይ እንደ ጠረጴዛ ተደላድሎ ይቆማል፤ ከወደቡ አፍ ወጥቶ አጭር ሞገድ ሲያገኘው ግን የተሳፋሪውን ወገብ ይሰብራል። ዓሣ ማጥመድ ገና ለሚጀምር ሰው ሆዱ ሾጠጥ ያለ፣ ጎኑ ከፍ ያለ፣ ሁለት ሰው በአንድ በኩል ቆሞ ዓሣ ሲጎትት የማያጋድል፣ ወለሉ ላይ የገባውን ውሃ ራሱ የሚያፈስስ ጀልባ ነው የሚያስፈልገው። ጀማሪ የሚወደው ግን ሁልጊዜ ሌላውን ነው፤ የሚያብረቀርቀውንና ሞተሩ ትልቅ የሆነውን።

ኬስ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ጡረታ ወጡና የምርመራው ሥራ ለእኔ ተሰጠ። በዚያው የመጀመሪያ ጸደይ አቶ ደረጀ መጡ።

አቶ ደረጀ በአምስተርዳም የኦስዶርፕ ሰፈር ነዋሪ ናቸው፤ እዚያው አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራሉ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ስላደጉ ዓሣ ማጥመድ የልጅነት ሥራቸው ነው፤ ባሕር ግን ወጥተው አያውቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሒሩትና የሒሩት ወንድም ሙሉጌታ አብረዋቸው ነበሩ። ሐበሻ መርማሪ እንዳለ ከሰው ሰምተው ነው ከአምስተርዳም ድረስ የመጡት። «እህቴ፣ አንቺ ካለሽማ እኛ ምን አስጨነቀን?» አሉኝ አቶ ደረጀ።

የወደዱት ጀልባ መሪው መሀል ላይ የቆመ፣ ክፍት፣ ነጭ፣ ትልቅ ሞተር ያለው ነበር። ጎኑ ደህና ነው፤ ሆዱም ደህና ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። የኋላው ግድግዳ ግን አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ስመታው በቀኝ በኩል ከሞተሩ መያዣ ሥር አንድ ቦታ ድምፁ ታፈነ። ደግሜ መታሁት፤ ታፈነ።

ኬስ ያስተማሩኝ ግልጽ ነበር፤ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ካየሽ እዚያው አንድ ብሎን ፍቺና የሚወጣውን እዪ። ካቻቪቴው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሩድ ግን ከቢሮው በር ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። ወይዘሮ ሒሩት «የቸገረ ነገር አለ?» ብላ ትጠይቃለች። አቶ ደረጀ ከአንድ ሌላ ገዢ ጋር ስለ እኔ ያወራሉ፤ «የአገራችን ልጅ ናት፤ እንዴት እንደምትሠራው እይልኝ» ይላሉ። እውነቱን ልናገርና ያስቸኮለኝ ሩድ አልነበረም። ያ ሙገሳ ነው። ብሎን ፈትቼ ቆሜ የማላውቅ መስዬ መታየት አልፈለግሁም። ቀለሙ ስለወፈረ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብሱ ከወደብ እንዳይወጡ አጥብቄ መናገሬ ብቻ ነው ዛሬ የሚያጽናናኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ ደረጀና ሙሉጌታ ሁክ ፋን ሆላንድ በሚባለው ወደብ ከወንዙ አፍ ወጣ ብለው ሲያጠምዱ፣ ያለፈ ትልቅ መርከብ የቀሰቀሰው ሞገድ መጣ። ጀልባው ከፍ ብሎ ሲወድቅ የኋላው ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ሞተሩ ከነመያዣው ወደ ውሃው አጋደለ፤ ባሕሩም በዚያው ገባ። ሁለቱም በጃኬታቸው ተንሳፍፈው ቆዩ። ውሃው ገና የጸደይ ውሃ ነው፤ አጥንት ያደነዝዛል። የነፍስ አድን ጀልባ ደርሶ ሲያወጣቸው አቶ ደረጀ ይናገራሉ፤ ሙሉጌታ ግን ራሱን ስቷል።

ሰኞ ጠዋት ሮተርዳም ሆስፒታል ሄድኩ። አቶ ደረጀ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ሙሉጌታ ከማሽን ጋር ተያይዟል። ወይዘሮ ሒሩት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሳታየኝ ተናገረች።

«ወይንሸት፣ ፈርመሽ አልነበር?»

«ፈርሜ ነበር።»

«ታዲያ?»

 ተነሥታ ወደ ወንድሟ ክፍል ገባችና በሩን በቀስታ ዘጋችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሙሉጌታ በስምንተኛው ቀን ነቃ፤ ድኗል። ነገር ግን ሳንባው እንደ ድሮው አልሆነለትም፤ ደረጃ ሲወጣ እስከ ዛሬ ያርፋል።

ያን ሰኞ ከሆስፒታሉ በቀጥታ ኬስ ቤት፣ ካፔለ አን ደን አይሰል የምትባል ከተማ፣ ሄድኩ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉን ነገርኳቸው። የማጽናኛ ቃል ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

«ጀልባው የት ነው?» አሉኝ።

«ጎትተው ግቢያችን አምጥተውታል።»

ኮታቸውን ለበሱ። ግቢው ስንደርስ የተሰነጠቀውን ጎን ትተው በሌላው በኩል ያለውን አንድ ብሎን አሳዩኝ። «ፍቺው።» ፈታሁት። ከቀዳዳው ቡናማ ውሃ ተንጠባጠበ። ካቻቪቴውን ስከተው እንጨቱ እንደ ራሰ ዳቦ ተከፈለ። ከውስጥ ያለው ኮምፔንሳቶ በሙሉ በስብሶ ቀለሙ ብቻ ነበር ያቆመው።

«ስትመቺው ምን ሰማሽ?»

«የታፈነ ድምፅ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እንግዲያው ጆሮሽ ምንም አልሆነም» አሉ። «ሥራውን የሚያበላሸው ያላወቀ ሰው ብቻ አይደለም። አንቺ አውቀሻል። አሁን የሰማሽውን ጻፊው፤ አንዲት ቃል ሳታሳምሪ።»

እንዳሉኝ ጻፍኩና ለሩድ ሰጠሁት። አነበበና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። «ሰውየው ከአቅሙ በላይ በፍጥነት ነድቶት ይሆናል። እንዲህ ነው የምንለው» አለኝ።

«እንደዚያ አልነዱትም። ግድግዳው በስብሶ ነበር፤ ሰምቼው አልፌዋለሁ።»

«ይሄ ወረቀት ከወጣ ከአንቺ ማን ይገዛል? ከእኔስ ማን ይገዛል?»

«ካልወጣ እኔ ነገ አልመጣም። ከወጣም እንደ ድሮው አልሠራም።» የገለበጠውን ወረቀት መልሼ አቃናሁት። «ከዛሬ ጀምሮ የኋላው ግድግዳ ብሎን ሳይፈታ አንድ ጀልባ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ባሕር ላይ ሳይሞከር አይሸጥም። መዶሻውንም ገዢው ራሱ እንዲይዝ እሰጠዋለሁ፤ የምሰማውን እሱም ይስማው።»

ሩድ ለአንድ ወር አላናገረኝም። ወረቀቱ ግን ወጣ። ለአቶ ደረጀ ቤተሰብ የሚገባው ካሳ ተሰጠ፤ እኔም በአዲሱ ደንብ መሥራት ጀመርኩ። በመጀመሪያው የበጋ ወራት ከግማሽ የሚበልጡ ጀልባዎቻችን በምርመራው ወደቁ። ሩድ በየቀኑ ፊቱ ይጠቁራል። ከዚያ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር መጣ። ገዢዎች ስልክ ደውለው «መዶሻ የምትሰጠው ሴትዮ አለች?» ማለት ጀመሩ። ከዴን ሃግ፣ ከአምስተርዳም፣ አንዳንዴም ከዜላንድ ይመጣሉ። የሌላ ግቢ ጀልባ ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ሳይቀሩ እኔን ይዘውኝ ይሄዳሉ። የግቢያችን ስም በዚያ ዓይነት ታወቀ። አንድ ቀን ሩድ ቡና ይዞልኝ መጣና «አንድም ጀልባ አልተመለሰብንም እኮ» አለኝ። ይቅርታ መጠየቁ መሆኑ ነው። ተቀበልኩት።

ዓመታት አለፉ። ስንት ሰው ወደ ባሕር እንዳወጣሁ አልቆጠርኩም፤ ሁሉም ግን በእግሩ ተመልሷል። ከሒሩት ጋር ለገና ወይም ለፋሲካ አምስተርዳም ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ራሳችንን ዝቅ አድርገን ሰላም እንባባላለን። ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበረንም።

ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ፣ አንድ የሰኔ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወይዘሮ ሒሩት ብቻዋን ግቢው በር ላይ ቆማ አየኋት። ጸጉሯ ሸብቷል። ከቱይስዞርኽ፣ ማለትም አረጋውያንን በየቤታቸው ከመንከባከብ ሥራ፣ እሷም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጥታለች። ባዶ መቀመጫ ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«ጀልባ ልገዛ ነው የመጣሁት» አለች።

የያዝኩትን ካቻቪቴ ኪሴ ከተትኩ።

«ደረጀ ከዚያ ወዲህ ውሃ ነክቶ አያውቅም። በየቀኑ ስሎተርፕላስ ሐይቅ ዳር ሄዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሰዎች ሲያጠምዱ ያያል፤ ይመለሳል። የከለከልኩት እኔ ነኝ። በወንድሜ አስምዬው ነው። ሙሉጌታ ራሱ ባለፈው ምን አለኝ? ‹ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው› አለኝ።» ቦርሳዋን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «ግን ዳር ቆሜ አልጠብቅም። አብሬው ነው የምሳፈረው። እኔም ማጥመድ እማራለሁ።»

«ከሌላ መርማሪ ጋር ብትሄጂ ቅር አይለኝም» አልኳት።

«ሌላማ ሞልቷል። የተሳሳተውን የተናገረ ግን አንቺን ነው የማውቀው።»

መዶሻዬን አውጥቼ ሰጠኋት።

ያን ሳምንት አራት ጀልባ አየን። የመጀመሪያው የሩድ ምርጫ ነበር፤ ቆንጆ፣ ፈጣን፣ ሆዱ ጠፍጣፋ። ለቦይ ይሆናል፤ ለባሕር አልፈቀድኩትም። ሁለተኛው ስኸቨኒንገን ወደብ ያለ ነው፤ ሞተሩን ስነካው ሞቋል፤ ጥለነው ሄድን። ሦስተኛው ላይ ሒሩት ጎኑን እየመታች ስትዞር ድንገት ቆመች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መታችው። «እዚህ ጋ ዝም ይላል» አለች። እኔ ገና አልደረስኩበትም ነበር። ብሎን ፈታን፤ ውሃ ወጣ። ሒሩት የሚንጠባጠበውን ውሃ በመዳፏ ተቀብላ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እጇን በመሐረብ ጠረገችና «እሺ፤ ቀጣዩ የት ነው?» አለች።

አራተኛው ባለቤቱ ከሞቱበት በኋላ በአንድ መጋዘን የቆመ ጀልባ ነው። ቀለሙ ጸሐይ በልቶት ደብዝዟል። ሞተሩ ትንሽ ነው፤ መቀመጫው ተቀዷል። ጎኑ ግን እስከ ጭን ይደርሳል፤ ሆዱም ሾጠጥ ያለ ነው። ሁለታችን በአንድ በኩል ቆመን ወደ ውጭ አጎነበስን፤ እምብዛም አላጋደለም። ሁለት ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ አፈሰስኩ፤ በማፍሰሻዎቹ ወጥቶ አለቀ። የሞተሩን ዘይት ጠብ አደረግሁት፤ ንጹሕ ነው፤ ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ይነጣል። የቤንዚኑ ቱቦ አርጅቷል፤ ይቀየራል። ገመዶቹ ደህና ናቸው። ሒሩት የኋላውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መታችው፤ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። ብሎኑን ራሷ ፈታችው። የወጣው ደረቅ የእንጨት ዱቄት ነበር፤ ነጭ፣ ገና ዛሬ የተጋዘ የሚመስል። አሸተተችው።

«እንጨት እንጨት ይላል» አለች።

ከዚያ ገብተን ተቀመጥን። ዳቦዬን ለሁለት ከፈልኩና ሃያ ደቂቃ ዝም ብለን በላን። የሚንጠባጠብ አልሰማንም።

የባሕሩ ሙከራ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓርብ ሆነ፤ የሥራዬ የመጨረሻ ዓርብ። ሁክ ፋን ሆላንድ ሄድን። አቶ ደረጀ መጥተዋል፤ ወደቡ ላይ ጃኬታቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ግን እግራቸው ከድንጋዩ አልነቀልም አለ። ጀልባውን፣ ከዚያ ውሃውን ያያሉ። ሒሩት ቀድማ ገባች። እጇን አልዘረጋችላቸውም፤ አልለመነቻቸውም። የማጥመጃ ዘንጎቹን ብቻ ተቀበለቻቸው። ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ጊዜ ገቡ።

መሪውን እኔ ይዤ ወጣን፤ የመርከቦቹን መንገድ ርቀን ዳር ዳሩን። ከወንዙ አፍ ወጣ እንዳልን ሞተሩን አቀዘቀዝኩና «አቶ ደረጀ፣ ይረከቡኝ» አልኳቸው። እጃቸውን መሪው ላይ አሳረፉ።  ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አዞሩት። ጀልባው ታዘዘላቸው። ትከሻቸው ዝቅ አለ።

ሒሩት ላባ የታሰረባቸው አምስት መንጠቆዎች ያሉበትን ክር እኔ ባሳየኋት መንገድ ወደ ታች ለቀቀች፤ ከፍ ዝቅ ታደርገው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ዘንጉ ጫፉን ደፋ።

«ያዘኝ» አለች። «ወይንሸት፣ ይሄ ነገር ይዞኛል።»

«አንቺ ነሽ የያዝሽው። ቀስ ብለሽ ጠምጥሚ።»

በዚያው ቅጽበት ከኋላችን አንድ ትልቅ ዕቃ ጫኝ መርከብ አለፈ፤ የቀሰቀሰውም ሞገድ እየተንከባለለ ሲመጣ አየነው። አቶ ደረጀ ገረጡ። እኔን አዩኝ። መሪውን ልቀበላቸው እጄን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። «ፊቱን ወደ ሞገዱ ያዙሩት፤ ቀስ ብለው» አልኳቸው። አዞሩት። ጀልባው አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ወጣ፤ ወረደ፤ እንደገና ወጣ። ዓይኔ የኋላው ግድግዳ ላይ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። ወለሉ ላይ የገባው ውሃ በማፍሰሻው ሾልኮ ሄደ።

ሒሩት ይሄን ሁሉ አላየችም። አንድ እግሯን ጎኑ ላይ ተክላ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ክሩን ትጠመጥማለች። ማክሬል የሚባሉ አራት ዓሦች በአንድ ክር ላይ እየተገላበጡ ከውሃው ወጡ፤ ጀርባቸው ሰማያዊና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው። አቶ ደረጀ መሪውን ትተው ሊረዷት አንድ እርምጃ ተራመዱ።

«አንተ ወደ ቦታህ» አለቻቸው ዘወር ሳትል። «ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ እንጂ፤ ከታች ገና ሌላ አለ።»

አቶ ደረጀ ወደ መሪው ተመለሱ። ያን ጊዜ ነው የሳቁት። በስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፤ ከሆዳቸው ነበር የሳቁት። ሒሩትም ክሩን መልሳ ወደ ባሕሩ ለቀቀች።